መጀመሪያ የሌለው ዓለም፦ የሂንዱ ሊቃውንት ስለ ጊዜና ስለ ፍጥረት የተሟገቱባቸው ሦስት ሺህ ዓመታት

የሂንዱ ፍልስፍና አንድ የፍጥረት ታሪክ የለውም። ብዙ አለው፤ ፍጥረት የሚባል ነገር ከቶ ተደርጎ አያውቅም የሚል ወገንም አለው። ወደ እኛ የሚደርሰው ግን ቁርጥራጩ ነው፦ እየዞረ የሚመለስ ዘመን፣ በቢሊዮን የሚቆጠር ዓመት፣ በእሳት ክበብ ውስጥ የሚጨፍረው አምላክ ሺቫ። እነዚህ ከአንድ መጽሐፍ የተቀዱ አይደሉም። በመካከላቸው የብዙ መቶ ዓመታት ርቀት አለ፤ አንዱ አሳብ ሌላውን ለመርታት የተወለደበት ጊዜም ጥቂት አይደለም።

ታሪኩን ከሥሩ ስከታተለው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየኛል። የሕንድ ሊቃውንትን ወደዚያ ወሰን የለሽ ዘመን ከገፏቸው ነገሮች ሁሉ የበረታው የፍርድ ጥያቄ ነው። አንዱ ሕፃን ዓይነ ስውር ሆኖ፣ ሌላው የንጉሥ ልጅ ሆኖ ለምን ይወለዳል? ዓለም አንድ ቀን ተጀመረ ከተባለ፣ የመጀመሪያውን ዕጣ ያደላደለው ፈጣሪ መልስ መስጠት አለበት። ከዚህ ጣጣ ለመውጣት መጀመሪያውን ወደ ኋላ ገፉት፤ በኋላም ጨርሰው አነሡት። እንዴት እዚያ እንደደረሱ ነው የምተርከው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ከ1500 እስከ 1000 ከክርስቶስ ልደት በፊት፦ የቬዳ ዘማሪዎች

ነገሩ የሚጀምረው በዛሬዎቹ ፓኪስታንና ሰሜን ምዕራብ ሕንድ ወንዞች ዳር፣ በከብት አርቢ ነገዶች መካከል ነው። ካህናታቸው በቃል አጥንተው ለልጅ ልጅ ያወረሱት ሪግ ቬዳ 1,028 መዝሙሮች አሉት። ብዙዎቹ ዝናብ፣ ከብትና ድል የሚለምኑ ናቸው። በመጨረሻው፣ ማለትም በአሥረኛው መጽሐፍ ግን ዘማሪዎቹ ስለ ዓለም አመጣጥ ሲጠይቁ እናገኛቸዋለን። አንደኛው መዝሙር ሁሉ ነገር ከወርቅ ፅንስ ወጣ ይላል። ሌላው ደግሞ አማልክት ፑሩሻ የተባለውን ግዙፍ ሰው ሠውተው ከአካሉ ፀሐይንና ጨረቃን፣ ሰማይንና ምድርን እንዳወጡ ይተርካል፤ ካህኑ ከአፉ፣ አገልጋዩ ከእግሩ የተገኘው በዚያው መሥዋዕት ነው። ይህ መዝሙር ከዚያ ወዲህ ለካስት ሥርዓት ማስረጃ ተደርጎ ሲጠቀስ መኖሩ ይታወቃል።

ከሁሉም በላይ የሚያስደንቀኝ ግን የዚያው መጽሐፍ 129ኛ መዝሙር ነው። ሰባት አንጓ ብቻ ነው ያለው። መኖርና አለመኖር ገና ያልተለያዩበትን ሁኔታ ለማሰብ ይሞክራል። አማልክት ራሳቸው ከፍጥረት በኋላ የመጡ በመሆናቸው ለምስክርነት አይበቁም ይላል። ሲደመድምም መልስ አይሰጥም፤ ከላይ ሆኖ ሁሉን የሚያየው እንኳ ምስጢሩን ማወቁን በጥያቄ ይተወዋል። በቅዱስ መጽሐፍ ልብ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ተቀምጦ፣ ካህናት ሳይሰርዙት በቃላቸው እየያዙ ማቆየታቸው ለኋላው ክርክር በር ከፍቷል።

ጊዜን በተመለከተ ዲርጋታማስ በሚባል ዘማሪ ስም የተመዘገበ ረጅም መዝሙር አለ። ዓመትን በሰማይ ዙሪያ የሚሽከረከርና የማያረጅ ባለ 12 ዘንግ መንኮራኩር አድርጎ ይሥለዋል፤ በላዩም 720 ልጆች፣ ማለትም የ360 ቀናትና ሌሊቶች ጥንዶች ተሰልፈዋል። 360 የምትለዋን ቁጥር ልብ እንበል፤ በኋላ ብዙ ሥራ ትሠራለች።

ከ1000 እስከ 700 ከክርስቶስ ልደት በፊት፦ በጡብ የሚጠገን ዓመት

ነገዶቹ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጋንጀስ ሜዳ ሲገሰግሱ መንግሥታት ተቋቋሙ፤ የካህናቱም ሥርዓት ሰፋ፣ ረቀቀም። የዚህ ዘመን ትልቁ ሥራ ሻታፓታ ብራህማና የተባለው የሥርዓተ መሥዋዕት ትርጓሜ ነው። በእሱ አባባል ፕራጃፓቲ፣ የፍጡራን ጌታ፣ ዓለምን ከራሱ አውጥቶ ከጨረሰ በኋላ መገጣጠሚያዎቹ ተፈትተው ወደቀ። ፕራጃፓቲ ዓመቱ ራሱ ነው። የተፈቱት መገጣጠሚያዎችም ንጋትና ምሽት፣ የጨረቃ ሙላትና ጉድለት፣ የወቅቶች መግቢያ ናቸው። እንግዲህ ፍጥረት ፈጣሪውን ሰባብሮታል ማለት ነው፤ የካህኑም ሥራ መልሶ መገጣጠም ነው።

አገጣጠሙ የሚታይ፣ የሚጨበጥ ነው። የእሳት መሠዊያው ክንፉን በዘረጋ ወፍ ቅርጽ በአምስት ንብርብር ይሠራል፤ አምስቱ ንብርብሮች አምስቱ ወቅቶች ናቸው። እያንዳንዱ ጡብ ሲቀመጥ የራሱ ጸሎት አለው። ጽሑፉ ቀንና ሌሊቱን ሙሁርታ በሚባሉ 30 ክፍሎች ይከፍላል፤ አንዱ ሙሁርታ 48 ደቂቃ ያህል ነው። 30 በ360 ሲባዛ 10,800 ይሆናል፤ ስለዚህ በመሠዊያዎቹ ላይ የሚደረደሩት የሙሌት ጡቦች 10,800 ናቸው ይላል። ከዚያም የሪግ ቬዳን ፊደላት ቆጥሮ 432,000 ናቸው ይላል፤ ይህም የ10,800 አርባ እጥፍ ነው። ጊዜን መቁጠር፣ ቃልን መቁጠርና ዓለምን ማቆም ለእነዚህ ካህናት አንድ ሥራ ነበር። ሥርዓቱ የመጽሐፍ ቅርስ ሆኖ ብቻ አልቀረም። በ1975 በኬረላ፣ ፓንጃል በምትባል መንደር የናምቡዲሪ ካህናት ለ12 ቀናት ሲያከናውኑት በፊልም ተቀርጿል።

ነገር ግን ከዚያው ከጡቡ መሐል ሥጋት ብቅ አለ። በመሥዋዕት የተገኘ ሰማያዊ ሕይወት ያልቅ ይሆን? ሙት በወዲያኛው ዓለም ዳግመኛ ይሞት ይሆን? ሁለተኛ ሞት የሚባለው ይህ ፍርሃት አሳቡን ሁሉ ወደ ሌላ አቅጣጫ መራው።

ከ700 እስከ 400 ከክርስቶስ ልደት በፊት፦ ሚስጥሩ ለብቻ የተነገረበት ቀን

በቪዴሃ ንጉሥ በጃናካ አደባባይ ትልቅ ጉባኤ ተጠራ። ንጉሡ ቀንዶቻቸው በወርቅ የታሰሩ 1,000 ላሞች አቅርቦ ከሁሉ የበለጠ ሊቅ ይውሰድ አለ። ሊቁ ያጅናቫልክያ ክርክሩ ሳይጀመር ላሞቹን ተማሪው እንዲነዳቸው አዘዘ። ይህን የሚተርከው ኡፓኒሻድ ከሚባሉት የጥበብ መጻሕፍት አንዱ የሆነው ብሪሃዳራንያካ ኡፓኒሻድ ነው፤ ሁለት ቅጽበቶቹ የሂንዱን አሳብ ለዘለቄታው ቀይረዋል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በመጀመሪያው አርታባጋ የሚባል ካህን ሰው ሲሞት አካሉ ወደ ምድር፣ እስትንፋሱ ወደ ነፋስ ከሄደ ሰውየው ራሱ የት ይገባል ሲል ጠየቀ። ያጅናቫልክያ በሰው ፊት አልመለሰለትም። እጁን ይዞ ከጉባኤው ገለል አደረገውና ሁለቱ ለብቻቸው ተነጋገሩ። የተነጋገሩትም ስለ ካርማ ነበር፦ ሰው በሥራው መልካም ወይም ክፉ ይሆናል። ለአደባባይ የማይበቃ ተብሎ የተንሾካሸኩበት ትምህርት በጥቂት መቶ ዓመታት ውስጥ የአብዛኛው ሕንድ እምነት ሆነ። ለፍርድ ጥያቄም የመጀመሪያው መልስ ተገኘ፤ የዛሬው ዕጣ የትናንቱ ሥራ ፍሬ ነው።

በሁለተኛው የተነሣችው ጋርጊ የምትባል ሴት ሊቅ ናት። ከሰማይ በላይ፣ ከምድር በታችና በመካከላቸው ያለው፣ ያለፈውም የአሁኑም የሚመጣውም ሁሉ በምን ላይ ተሸምኗል አለችው። በኅዋ ላይ ሲላት አላቆመችም፤ ኅዋውስ? ያጅናቫልክያ የማይጠፋውን ጠቀሰ፤ ረጅምም አጭርም ያልሆነ፣ ውስጥም ውጭም የሌለው፣ ጊዜ የማይነካው። ዘላለም ከዚህ በኋላ የረዘመ ጊዜ መሆኑ ቀርቶ ጊዜ የማይደርስበት ነገር ሆነ። ይህንን ህላዌ ብራህማን ብለው ጠሩት፤ የሰው ውስጣዊ ማንነት ከእሱ ጋር አንድ መሆኑን ማወቅም ከልደትና ከሞት ዙሪት ማምለጫው ነው አሉ።

ከ500 እስከ 200 ከክርስቶስ ልደት በፊት፦ ተቃዋሚዎቹ

በጋንጀስ ሜዳ ከተሞች ሲያብቡ ቬዳን የማይቀበሉ ባሕታውያን በየመንገዱ ያስተምሩ ጀመር። ቡድሃና የጃይኖቹ ማሃቪራ ዋነኞቹ ናቸው። ሁለቱም ዙሪቱን ተቀበሉ፤ ፈጣሪውን ግን አልተቀበሉም። በቡድሂስቶች መጽሐፍ ያለ አንድ ታሪክ ክርክሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ዓለም ፈርሶ ዳግም ሲዘረጋ አንድ ፍጡር ባዶ በሆነ ሰማያዊ አዳራሽ ውስጥ ቀድሞ ይወለዳል። ብቸኝነት ሲሰማው ሌሎች ቢኖሩ ብሎ ይመኛል። ሌሎቹም በራሳቸው ካርማ ጊዜያቸው ደርሶ እዚያው ይወለዳሉ። እሱ ታዲያ ፈጠርኳቸው ብሎ ያምናል፤ እነሱም ከእኛ ቀድሞ ነበርና ፈጥሮናል ብለው ያምኑለታል። ፈጣሪ ነኝ የሚለው ታላቁ ብራህማ በዚህ ታሪክ የተሳሳተ ፍጡር ሆነ።

የአጂቪካዎች መሪ ማካሊ ጎሳላ ደግሞ የሰው ጥረትም ሥራውም ምንም አይለውጥም፤ ሞኝም ብልህም 8,400,000 ታላላቅ ዘመናት ዞሮ ያኔ ብቻ ይድናል ይል ነበር። ግዙፍ ቁጥሮች በሕንድ አሳብ ውስጥ ሥር የሰደዱት በነዚህ ወገኖች ፉክክር ጭምር ነው። የቬዳ ካህናትም ዝም አላሉም። ሽቬታሽቫታራ ኡፓኒሻድ መክፈቻው ላይ የዓለም መንስዔ ጊዜ ነው፣ ተፈጥሮ ነው፣ ዕጣ ነው ወይስ አጋጣሚ ብሎ የዘመኑን መልሶች ሁሉ ይደረድራል፤ ከዚያም ሁሉንም የሚገዛ አንድ አምላክ አለ ይላል።

ከ200 ከክርስቶስ ልደት በፊት እስከ 500 ዓ.ም.፦ አራቱ ዘመናትና የብራህማ ቀን

ግሪኮች፣ ሳካዎችና ኩሻኖች በየተራ ከሰሜን ምዕራብ ገቡ። በየቦታው የባዕድ ነገሥታት ሲነግሡ፣ የጥንቱ ሥርዓት ሲናጋ፣ ዘመኑ ከፋ የሚለው ስሜት በረታ። ታላቁ የጦርነት ቅኔ ማሃባራታና የማኑ ሕግ የተባለው መጽሐፍ የአራቱን ዩጋዎች፣ ማለትም የአራቱን ዘመናት፣ ትምህርት ያደላደሉት በዚህ ወቅት ነው። ክሪታ 4,800፣ ትሬታ 3,600፣ ድቫፓራ 2,400፣ ካሊ 1,200 ዓመት ናቸው፤ ድምራቸው 12,000። ጽድቅ በመጀመሪያው ዘመን በአራት እግሩ ይቆማል፤ በየዘመኑ አንድ እግር ያጣል፤ በካሊ፣ ማለትም በእኛ ዘመን፣ በአንድ እግሩ ይንገዳገዳል።

ፑራና የሚባሉት የአማልክት ታሪክ መጻሕፍት ደግሞ እነዚህ ዓመታት የአማልክት ናቸው አሉ። የአማልክት አንድ ቀን የሰው አንድ ዓመት ስለሆነ በ360 ይባዛሉ። የድሮዋ 360 እዚህ ተመለሰች። አራቱ ዩጋዎች በአንድነት 4,320,000 ዓመት ሆኑ፤ ካሊ ብቻውን 432,000፣ ልክ እንደ ሪግ ቬዳው የፊደላት ቆጠራ። የአራቱ ዩጋዎች ድምር ሺህ እጥፍ ካልፓ፣ ወይም የፈጣሪው የብራህማ አንድ መዓልት ይባላል፤ 4,320,000,000 ዓመት። ሌሊቱም ያንኑ ያህል ነው፤ ሲመሽ ዓለም ይፈርሳል፣ ሲነጋ ይዘረጋል። ብራህማ በዚህ ስሌት 100 ዓመት፣ በእኛ አቆጣጠር ከ311 ትሪሊዮን ዓመት በላይ ኖሮ ይሞታል። ፈጣሪም ሟች ሆነ።

ታዲያ ከፈጣሪው በላይ ማን ቀረ? ቪሽኑን የበላይ አምላክ አድርገው ለሚያመልኩት መልሱ በዴኦጋር ቤተ መቅደስ ደቡባዊ ግድግዳ ላይ በድንጋይ ተቀርጿል። የተሠራው በ500 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ቪሽኑ በባለ ብዙ ራሱ እባብ ላይ ጋደም ብሎ ተኝቷል። ሚስቱ ላክሽሚ እግሩን ይዛለች። ከራሱ በላይ፣ በአማልክቱ ተርታ መካከል፣ ብራህማ በሎተስ አበባ ላይ ተቀምጧል፤ ሲያዩት ትንሽ ነው። የማሃባራታ ክፍል በሆነው በባጋቫድ ጊታ ውስጥም በሰው አካል የተገለጠው ቪሽኑ፣ ክሪሽና፣ ለጦረኛው አርጁና ራሱን ዓለምን የሚውጥ ጊዜ አድርጎ ይገልጥለታል። ተሰብሮ በቬዳ ካህናት እጅ ይጠገን የነበረው ዓመት አሁን ሁሉን የሚሰባብር አምላክ ገጽታ ሆኗል።

ከ499 እስከ 628፦ የከዋክብት ሊቃውንት

አርያባታ በ499 መጽሐፉን ሲጽፍ ዕድሜው 23 ነበር። ካሊ ዩጋ ከገባ 3,600 ዓመት ሞላ ይላል፤ የካሊ መግቢያ በዚህ ስሌት 3102 ከክርስቶስ ልደት በፊት ይውላል። ለእሱ ዩጋ ፕላኔቶች ከአንድ መነሻ ተነሥተው እንደገና የሚገናኙበት የሒሳብ ዙር ነው። ስለዚህ ጽድቅ ጎደለ አልጎደለ ሳይል አራቱን ዩጋዎች እኩል ከፈላቸው፤ እያንዳንዳቸው 1,080,000 ዓመት። በ628 ብራህማጉፕታ ይህን ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር ይጋጫል ብሎ አጥብቆ ነቀፈው። አራቱ ዘመናት የሥነ ምግባር መሰላል ናቸው ወይስ የሰማይ ሰዓት? ሁለቱ ትውፊቶች ከዚህ በኋላ ሳይስማሙ ጎን ለጎን ኖሩ።

ከ600 እስከ 800፦ ኩማሪላና ሻንካራ

በዚህ ጊዜ የፍልስፍና ትምህርት ቤቶቹ ተቋቁመዋል። የቫይሼሺካ ሊቃውንት ጊዜ አንድ፣ ሁሉን የሚሞላና ዘላለማዊ የሆነ ነገር ነው አሉ፤ አምላክም ዘላለማውያን የሆኑትን አቶሞች ያቀናጃል እንጂ ከምንም አይፈጥርም። ሳንክያዎች ፈጣሪ አላስፈለጋቸውም፤ ተፈጥሮ ራሷ ትዘረጋለች። የዮጋ ተንታኝ ደግሞ እውነተኛው ቅጽበት ብቻ ነው፤ የቅጽበቶች ድምር አእምሮ የሠራው ነው አለ።

ክርክሩን ወደ ዳር ያደረሰው ሚማምሳ የሚባለው የቬዳ ትርጓሜ ትምህርት ቤት ሊቅ ኩማሪላ ባታ ነው። ለቬዳ እንደ እሱ ያለ ተሟጋች አልነበረም፤ ፈጣሪን የካደውም ለቬዳ ብሎ ነው። ቬዳ ደራሲ የሌለው ዘላለማዊ ቃል ነው፤ ተናጋሪ ካለው ተናጋሪው ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ ጥያቄዎቹን አከታተለ። ዓለም ሳይኖር ፈጣሪው የት ነበር? አካል ከሌለው እንዴት ሠራ? አካል ካለው አካሉን ማን ፈጠረው? ከርኅራኄ የተነሣ ነው እንዳይባል የሚራራለት ፍጡር ገና አልነበረም፤ ርኅሩኅ ቢሆንማ ሥቃይ የሌለበት ዓለም ይፈጥር ነበር። ለጨዋታ ነው ከተባለ አንድ የጎደለው ነገር አለ ማለት ነው። ፈጠረ ተብሎ የተመሰከረውስ ማን አይቶ ነው? ኩማሪላ ዓለም ከዛሬው ሌላ ሆኖ አያውቅም ብሎ ደመደመ፤ ጅማሬም የለ፣ አጠቃላይ ፍርሰትም የለ።

በስምንተኛው መቶ ዓመት ሻንካራ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሰጠ፤ ብራህማ ሱትራ በተባለው መጽሐፍ ላይ የጻፈው ትንታኔ በሂንዱ ትምህርት ከተጻፉት ሁሉ ጠልቆ የተሟገተ ነው ብዬ አምናለሁ። አምላክ ለምን ፈጠረ? ምንም ሳይጎድለው ንጉሥ እንደሚጫወት፣ ሰውም ሳያስብ እንደሚተነፍስ። አድልዎውስ? እዚህ ላይ ዝናብን ይጠቅሳል። ዝናብ ለሩዙም ለገብሱም እኩል ይዘንባል፤ ሩዝ ሩዝ፣ ገብስ ገብስ የሚሆነው በዘሩ ነው። የፍጡራን ልዩነትም ከየራሳቸው ካርማ ነው። ተቃዋሚው ግን አይለቅም፦ ከመጀመሪያው ፍጥረት በፊትስ ምን ካርማ ነበር? ሻንካራ የመጀመሪያ ፍጥረት የሚባል የለም አለ። ዙሪቱ መነሻ የለውም፤ ዘር ከቡቃያ፣ ቡቃያ ከዘር። በያጅናቫልክያ ቀን የተጀመረው የፍርድ ክርክር መጀመሪያውን አፈረሰው።

ሻንካራ ግን እዚያ አላቆመም። የመምህሩ መምህር ጋውዳፓዳ ምንም ነገር ተወልዶ አያውቅም ብሎ ጽፎ ነበር። ሻንካራም ፍጥረትም ካርማም ፍርድም ገና ላልነቃ ሰው የሚነገሩ ናቸው፤ ላወቀው ያለው ብራህማን ብቻ ነው አለ። ይህ ጥሩ መልስ ነው? ለተሠቃየው ሕፃን ሥቃዩ በላይኛው ዕውቀት እውነት አይደለም ማለት ልቤን አያሳርፈውም። ከእሱ በኋላ የመጡት ሊቃውንትም ያላረፉት በዚሁ ነው።

ከ900 እስከ 1300፦ ዓለምን እውነት ያሉት

ኡዳያና፣ አንዱን መጽሐፉን በ984 የጻፈው የሎጂክ ሊቅ፣ የሚሠራ ነገር ሁሉ ሠሪ አለው ብሎ በማስረጃ ላይ ማስረጃ ደርድሮ ለአምላክ ተሟገተ። በካሽሚር አቢናቫጉፕታ ጊዜን ወደ እስትንፋስ አስገባው። ሰው በቀንና ሌሊት 21,600 ጊዜ ይተነፍሳል፤ የ10,800 እጥፍ። በአንዲት እስትንፋስ መግባትና መውጣት ውስጥ ወራትን፣ ዓመታትንና የአማልክትን ዘመናት ሁሉ እንዲያይ ተማሪውን ያሠለጥነዋል። በታሚል አገር የቾላ ቀራጮች የሚጨፍረውን ሺቫ በነሐስ ያወጡትም በእነዚሁ ዓመታት ነው፤ በአንድ እጁ የፍጥረት ከበሮ፣ በሌላው የጥፋት እሳት።

ራማኑጃ ከሽሪራንጋም ሆኖ ሻንካራን ፊት ለፊት ገጠመው። ዓለምና ነፍሳት እውነት ናቸው፤ የአምላክ አካል ናቸው፤ ሲፈርሱ ይረቅቃሉ፣ ሲፈጠሩ ይገለጣሉ እንጂ አይጠፉም። በ13ኛው መቶ ዓመት ማድቫ አምላክና ነፍስ ለዘላለሙ ይለያያሉ አለ። መነሻ የሌለው ዙሪት ግን ሁሉም የተስማሙበት ሆኖ ቀረ።

ከ1030 እስከ ዛሬ፦ የውጭ ዓይን

የመጀመሪያው ጥንቁቅ የውጭ አንባቢ አል ቢሩኒ ነው። በ1030 ገደማ በዓረብኛ በጻፈው ታላቅ መጽሐፉ ካልፓንና ዩጋን አብራርቶ፣ አርያባታና ብራህማጉፕታ የት የት እንደሚለያዩ ሳይቀር መዘገበ። ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ፣ በ1788፣ ካልካታ የነበረው እንግሊዛዊው ዳኛ ዊልያም ጆንስ የሂንዱዎችን ዘመን በኦሪት ዘፍጥረት ልክ ሊያሳጥረው ሞከረ። ዓለም ከተፈጠረ ስድስት ሺህ ዓመት ገደማ ነው ለሚል አውሮፓዊ ቁጥሩ የሚዋጥ አልነበረም። ከልደተ ክርስቶስ በፊት 5,500 ዓመት ለሚቆጥረው ለእኛ ባሕረ ሐሳብም ቢሆን ርቀቱ ያው ነው።

የሕንድ ተሐድሶዎች በሌላ ወገን መጡ። በ1875 አርያ ሳማጅን የመሠረተው ዳያናንዳ አምላክ፣ ነፍስና ቁስ ሦስቱም ዘላለማውያን ናቸው ብሎ አስተማረ። መነኩሴው ቪቬካናንዳ በ1896 ኒው ዮርክ ላይ ከኤሌክትሪክ ሊቁ ከኒኮላ ቴስላ ጋር ሲገናኝ ኃይልና ቁስ አንድ መሆናቸውን በሒሳብ ያረጋግጥልኛል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር፤ አልሆነም። ፈላስፋው ኦሮቢንዶ ከ1914 ጀምሮ ፖንዲቼሪ ላይ ባሳተመው ሥራው ዙሪቱን ወደ ላይ የሚወጣ ዝግመተ ለውጥ አደረገው፤ በእኔ ግምት ከአቢናቫጉፕታ ወዲህ ከመጡት ለውጦች ትልቁ ይህ ነው።

የሥነ ፈለክ ሊቁ ካርል ሴገን በ1980 የብራህማ ቀን ከሳይንስ ዘመናት ጋር እንደሚቀራረብ በቴሌቪዥን ከተናገረ ወዲህ፣ 4.32 ቢሊዮንን ከምድር 4.54 ቢሊዮን ዓመት ዕድሜ ጋር እያስተያዩ ጥንታውያኑ አስቀድመው አውቀውት ነበር የሚሉ በዝተዋል። ይህ ውኃ አያነሣም። ቁጥሩ የመጣው ከ12,000፣ ከ360 እና ከሺህ ብዜት ነው፤ ድንጋይ የመረመረ የለም። እንዲህ ማለት ኩማሪላና ሻንካራ በእውነት የደከሙበትን ጥያቄ መሸፈን ነው።

ቆጠራው ራሱ ግን በሕይወት አለ። ዛሬ በቼናይም ሆነ በኒው ጀርሲ አንድ ቤተሰብ አዲስ ቤት ሲያስባርክ ካህኑ ሳንካልፓ ይላል፤ ሥርዓቱ የሚፈጸምበትን ጊዜና ቦታ ማሳወቂያ ነው። ከብራህማ ዕድሜ ሁለተኛ አጋማሽ ይነሣል፤ የነጩ ከርከሮ የሚባለውን የአሁኑን ካልፓ፣ የሰው ዘር አባት ከሚባሉት ማኑዎች ሰባተኛውን፣ 28ኛውን ካሊ ዩጋ ይጠራል፤ ወደ ዓመቱ፣ ወደ ወሩ፣ ወደ ቀኑ ይወርዳል። ከዚያም የቤቱን ባለቤት ስምና የዘር ሐረግ ጠርቶ፣ ሰውየው የሚለምነውን ይናገራል፦ ጤና፣ ልጆች፣ በዚህ ቤት ሰላም።